ለጥላ ያልተከልኩት አኻያ

ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ዕረፍ» አለኝ። ዝናቡም አብሮኝ ጡረታ የወጣ መስሏቸው ይሆናል። ሚዛን ተፈሪ ላይ ደመና ሲከብድ ሌላው ሰው የታጠበ ልብሱን ከገመድ ይሰበስባል፤ ቡና ያሰጣም ሸራውን ይጎትታል። እኔ ግን ከበራፌ ወጥቼ ሰማዩ የጠቆረው በየት በኩል እንደሆነ አያለሁ። በከተማው ላይ ብቻ ከሆነ ተመልሼ እቀመጣለሁ። በሸኮ መንገድ፣ በላይኛው ጫካ በኩል ከሆነ ግን የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። አዎ፣ ይጀምረኛል። ከሚዛን እስከ ቴፒ ባሉት ትንንሽ ወንዞች እጄ ያልነካው መታጠፊያ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ቢሆንም የሚገባኝ ማጋነን ነው። ይህን ሁሉ የወንዝ ዳር የሠራ ሰው ዝናብን እንደ ሌላው ሰው ሊያዳምጠው አይችልም።

በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የጉልበት ሠራተኞች አስተባባሪ ነበርኩ። ደመወዙ እንደ ስሙ ረጅም አልነበረም፤ እሱን እንለፈው። ሰው ግን የሚጠራኝ «የወንዝ ወጌሻ» እያለ ነው። ስሙን ያወጡልኝ የሸኮ ሰዎች ናቸው፤ እኔም አልተቃወምኩም። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃና በጨርቅ አስሮ እንደሚያቆም እኔም የተናደ ዳርቻ በእንጨት፣ በሣርና በድንጋይ አስሬ አቆማለሁ። የሲሚንቶ ገንዘብ በሌለበት ቀበሌ ሁሉ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው፤ ወንዝ የለየሁት ደግሞ በጋሽ አየለ አጠገብ ቁጭ ብዬ።

ጋሽ አየለ ቴፒ አካባቢ ባለ አንድ ትልቅ የቡና እርሻ የውሃ መውረጃ ቦይ የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር። አማርኛ የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለነበር ቃል አያባክኑም። እኔ ጎረምሳ ሆኜ በቀን ሠራተኝነት ስገባ እሳቸው ሥር ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን ወንዙ ወደሚበላው ዳርቻ እንሄዳለን ብዬ ገጀራዬን ይዤ ስቆም እሳቸው ውሃውን ተሻግረው ከማዶ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ የተናደው እኮ በዚህ በኩል ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ቁስልህን የሚያይልህ ማነው?» አሉኝ። «ጀርባህ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው። ና ተሻገር።»

ተሻገርኩ። በኮባ ቅጠል የጠቀለሉትን የተቀቀለ ጎደሬ ፈተው እየበሉ ግማሹን ቀን ዳርቻውን ተመለከቱ። ከዚያ ይዘውት ከመጡት የቡና ገለባ አንድ እፍኝ ወደ ላይኛው ውሃ ወረወሩ። ገለባው ተንሳፍፎ ወረደ፤ ከመታጠፊያው ሲደርስ አንድ መስመር ሠርቶ እንደተላከ ሁሉ ዳርቻውን አንድ ቦታ ላይ መታ። ሌላ እፍኝ ወረወሩ። እዚያው መታ። ጋሽ አየለ በጣታቸው ቦታውን አሳዩኝ፤ ሥራው የሚጀመረው እዚያ ሳይሆን ከእሱ በላይ ባለው ቦታ እንደሆነ ለማወቅ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ቁስሉ ላይ ካሰርክ ውሃው ከማሰሪያህ ጀርባ ይገባል። ከበላዩ ጀምረህ ውሃውን ቀስ አድርገህ ወደ መሐል ማባበል ነው። ዛሬም ከቤቴ ከበቆሎ ጆንያ ጎን የቡና ገለባ አስቀምጫለሁ።

እንጨቱ አኻያ ነው። አኻያ የወንዝ ልጅ ስለሆነ ቆርጠህ ብትሰካው በራሱ ይበቅላል። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ ከታች በኩል በአንድ ምት ሰያፍ፣ ከላይ በኩል ቀጥ ያለ። ሰያፉ መሬት ለመውጋት ብቻ አይደለም፤ ራሱና እግሩ እንዳይለዋወጥ ነው። ተገልብጦ የተተከለ አኻያ እንጨት ሆኖ ይቀራል። ጋሽ አየለ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ልጡን በጥርሳቸው ነክሰው ጭማቂ ካላገኙበት ይጥሉታል። የተመረጠው በዝግታ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ያድርና ወደ ወንዙ አቅጣጫ ዘንበል ተደርጎ በእንጨት መዶሻ ይመታል። በመሐሉ ጭራሮና የቀርከሃ ስንጣሪ እንደ ቅርጫት ይጎነጎንበታል፤ እግሩ ሥር ድንጋይ፣ ከኋላው ዝሆኔ ሣር። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ ደለሉን እዚያ ጥሎ ይሄዳል። ሌባ ዕቃ አስቀምጦልህ ሲሄድ ማለት ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በየዓመቱ ዋናው ዝናብ ሳይገባ ገጀራቸውን ስለው በወንዙ ዳር ይወርዱና የተከሉትን አኻያ ሁሉ እስከ ጉልበት ድረስ ይቆርጡታል። ጭራሮውን ለመንደሩ ሰው ለአጥር፣ ቅጠሉን ለፍየል ያድላሉ። እኔ ለድሃ የሚራሩ ሰው ናቸው ብዬ አደነቅኳቸው። ስለ ምክንያቱም ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ቸርነት ምክንያቱ አይጠየቅማ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ሥራው ለእኔ ቀረ። ከእርሻው ወጥቼ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፤ ቴፒ፣ ማሻ፣ ከዚያ ሚዛን። ብዙ አለቆች አየሁ። አንደኛው ቢሮው ውስጥ ሆኖ ወንዝ የሚያዝ ነበር። አንደኛው ደግሞ በሽቦ ሳጥን ድንጋይ የሚሞላውን ጋቢዮን የሚወድ ወጣት ኢንጂነር ነው። የሠራው የድልድይ ዳር እስከ ዛሬ ቆሟል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ነገር ግን ያ ገንዘብ ለአንድ ድልድይ እንጂ ለየገበሬው መታጠፊያ አይበቃም። «ደምሴ፣ የእኔ ሽቦ የማይደርስበት ያንተ አኻያ ይድረስ» ይለኝ ነበር። ከአለቃ አፍ የሰማሁት ምርጡ ቃል ያ ነው።

ብቻዬን ከሠራኋቸው የመጀመሪያው ከቴፒ ወጣ ብላ ባለች መንደር የነበረው ነው። መታጠፊያው ውብ ነበር። አኻያው በአንድ ዓመት አረንጓዴ ግድግዳ ሆነ፤ ከሌላ ቀበሌ እየመጡ አዩልኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ማሻ ተዛወርኩ። ማሻ ደጋ ነው፤ ቀርከሃው ሌላ፣ ወንዙ ሌላ፣ ብርዱም ሌላ። ብዙ ዓመት እዚያ ቆየሁ። ስመለስ በመጀመሪያ የሄድኩት ያችን መንደር ለማየት ነው። እውነት ለመናገር ለመታየትም ነው።

መታጠፊያው አልነበረም። ወንዙ አፉን ከፍቶ ሰፍቷል። ያገኘሁት የቦታው ባለቤት ሰላም ካለኝ በኋላ እጁን ወደ ውሃው መሐል ዘረጋ።

«ቡናዬ እዚያ ነበር» አለኝ። ከዚያ እጁን ትንሽ ወደዚህ አመጣ። «ቤቴ ደግሞ እዚያ።»

ሰው አልሞተም፤ ቀን ስለነበር ወጥተዋል። ምን እንደተፈጠረ ጥቂት በተረፈው ዳርቻ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የእኛ አገር ሰው ጥላ ካየ ቡና ሳይተክል አያልፍም። አኻያው ሲያድግ ጥላ ሆነ፤ ጥላው ሥር ቡና ተተከለ። ቡና ከተተከለ ደግሞ ሥሩ ይመነጠራል፤ የወደቀ ቀይ ፍሬ ካልታየ ማን ይለቅመዋል? ስለዚህ ዳርቻውን የያዘውን ሣር እንደ ሳሎን አጽድተውታል። ጥላ ነውና አኻያውን የሚቆርጥ የለም፤ ረዘመ፣ ከበደ፣ ወደ ውሃው ዘመመ። ጎርፉ ከሥር ሲበላው ዛፉ ብቻውን አልወደቀም፤ በሥሩ ያቀፈውን መሬት ሁሉ ይዞ ሄደ። እኔ የተከልኩት ዛፍ የሰውየውን መሬት እንደ ጥርስ ነቀለው።

የጋሽ አየለ ገጀራ ለምን ነበር የሚለው ያን ጊዜ ገባኝ። ቸርነት ብቻ አልነበረም። አኻያ ቁጥቋጦ ሆኖ ሲኖር ሥሩ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ጎርፍ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል። ዛፍ ሲሆን ግን ጎንበስ ማለት አይችልም። ይህን ሳይነግሩኝ ለምን ሞቱ ብዬ እዚያው ወንዝ ዳር ተናደድኩባቸው። ግን እሳቸው በየዓመቱ ፊቴ ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ከዚህ በላይ እንዴት ይንገሩኝ? ከዚያ ቀን ወዲህ አኻያ ሲረዝም ሳይ ሕፃን ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እንዳየሁ ሁሉ እጄ ወደ ገጀራ ይሄዳል። የተከልኩት ብዙ ነው፤ የሚረዝመውም ብዙ ነው። ጡረታ ሲያወጡኝ ጋቢ አልብሰው አጨበጨቡልኝ፤ እኔ ግን የማስበው የትኛው መታጠፊያ ላይ ማን ቡና እንደተከለ ነበር።

አስቴር ቡና ተክላ አገኘኋት።

አስቴር በሸኮ መንገድ ሥራዬን ልለቅ ስል በሠራሁት መታጠፊያ ላይ የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ለንግድ ማሻ ስለሚቆይ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ነች፤ ሁለት ያደጉ ልጆች አሏት። ቤቷ ከወንዙ ብዙም አይርቅም፤ በመሐሉ ቡናዋ፣ ከቡናዋ ፊት የእኔ አኻያ። ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ዓመቱ ስሄድ አኻያው ቤቱን በልጦ ረዝሟል። ሥሩ ተመንጥሮ ሣር የሚባል የለም። ቡናው ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንጂ፣ እንዲህ ያለ ቡና በሰፈሩ የለም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬስ ምን ሊቆርጡ መጡ?» አለችኝ። ገጀራዬን አይታለች።

«ዛፌን።»

«ዛፍዎን! ግብሩን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«አስቴር፣ ይሄ እኮ ለጥላ አይደለም የተተከለው።»

«እሱ ግን ጥላ ሆነ። ልጅም ቄስ ይሁን ተብሎ ተወልዶ ሹፌር ይሆናል፤ ታዲያ ይገደላል?»

ልጆቿ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከአኻያው ኋላ በቡናው መሐል መሬቱ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ነበር፤ ከወንዙ ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ማለት ዳርቻው ለመሄድ ዕቃውን እየሰበሰበ ነው ማለት ነው። አሳየኋት።

«በበጋ መሬት ይሰነጠቃል ጋሼ። የእኔም ተረከዝ ተሰንጥቋል፤ ወንዝ ግን አልወሰደኝም።»

«ቢያንስ ሣሩን ተይው። ከዳርቻው ትንሽ ገባ ብሎ አትመንጥሪ።»

አሁን ተቆጣች። «አስቴር ሰነፈች፣ ቡናዋን ዳዋ በላው እንዲሉኝ? እድር ላይ ከማን አጠገብ ልቀመጥ? እርስዎ ስምዎን እንደሚወዱ እኔም ስሜን እወዳለሁ።»

ገጀራዬን ይዤ ተመለስኩ። ስሜን መውደዴን አገር ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ የጭንቀት ነው። በየጥቂት ቀኑ ሰላም ለማለት መስዬ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የደረቀ የቡና ፍሬ ስንጥቁ ላይ ሳስቀምጥ ፍሬው አፉ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ፍሬው ግማሹ ሰመጠ። ቆይቶ ደግሞ ሳስቀምጠው ጠፋ፤ ሲወርድ እንኳ ድምፁን አልሰማሁም። ታላቅ ልጇን ታምራትን ጠርቼ ሌላ ፍሬ በራሱ እጅ እንዲጥል አደረግኩት። ጣለና ጎንበስ ብሎ ፈለገው። ከዚያ ቀና ብሎ ቤታቸውን አየ። ለእናቱ ነግሯት እንደሆነ አላውቅም። ቀበሌ ሄጄ በግድ ላስቆርጥባት እችል ነበር፤ አስቤዋለሁ። ግን በግድ የተቆረጠ አኻያ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይቆርጠዋል? የወንዝ ዳር ሥራ አጠገቡ የሚኖረው ሰው ካልወደደው አይጸናም።

ጎርፉ የመጣው በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ አልነበረም፤ በላይኛው ጫካ ላይ ግን ሰማዩ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ባጃጅ ይዤ ስደርስ ውሃው ቀይ ሆኖ ሞልቷል፤ ድምፁ ከመንገድ ይሰማል። አስቴር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቡናዋ መሐል ቆማለች። አንደኛው አኻያ ዓይናችን እያየ ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። ስንጥቁ እግር ያስገባል።

አስቴር ዛፉን አየች፤ ቡናዋን አየች፤ ዞራ ቤቷን አየች።

«ቁረጡት» አለች።

ታምራት ገጀራውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። «ቆይ! ሳይታሰር የሚቆረጥ የለም!» ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የተቆረጠው አናት ከሄደ ኪሳራ ነው፤ ዳርቻው ላይ ከቀረ ግን ጋሻ ነው። የበሬ ገመድ፣ የጫካ ሐረግ፣ የአህያ መጫኛ፣ ያለው ሁሉ መጣ። እያንዳንዱን አናት ከቤቱ ጎን ካለው አቮካዶ ግንድ ጋር አሰርን። ከዚያ ልጆቹ ወገባቸው ላይ ገመድ ታስሮ ከዘመመው ዛፍ በላይ ካለው ጀመሩ። እኔ ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም፤ አፌ ግን ያው ነው።

«ግንዱ ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ወደ ታች! ወደ ላይ አልኩህ፣ አንተ! ቅጠሉ ውሃውን ሲቀበል ይሰበራል፤ ሲከተል ግን ይተኛል!»

የዛፉ አናት ሲወርድ ዳርቻው እንደተነፈሰ ሁሉ ታወቀኝ። አናቶቹን አንድ በአንድ ዳርቻው ጥግ ውሃው ውስጥ አስተኛናቸው። አንዱ መጫኛ ተበጥሶ አንድ ትልቅ አናት በውሃው ተወሰደ፤ ታናሽየው ልጅ ሊይዘው ሲል አስቴር በሸሚዙ ጎትታ ጣለችው። «ይሂድ! ይሂድ አንተ እብድ!» አለችው፤ ጥፊም አከለችበት። የፊተኛው የቡና ረድፍ ከነፍሬው ተንሸራቶ ገባ። ሁለተኛው ረድፍ ዘነበለ። የቴፒው ሰው ወደ ውሃ መሐል የዘረጋው እጅ ከፊቴ አልጠፋም አለ።

ከዚያ የውሃው ድምፅ ተለወጠ። ለማያውቅ ያው ጩኸት ነው። ለእኔ ግን ዳርቻውን መንከሱን ትቶ ቅጠል ማበጠር ጀመረ። የቡና ገለባዬን ከኪሴ አውጥቼ ወረወርኩ፤ ገለባው ከአናቶቹ ፊት ደርሶ ወደ መሐል ዞረ። ሁለተኛው ረድፍ እንደዘነበለ ቀረ።

አስቴር ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ጀመር።

«ቤትሽ ቆሟል እኮ» አልኳት።

«ቤት ቡና አያፈራም፣ ጋሼ።»

«ቡናም ሰው አያሳድርም።»

አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አሁን ደስ ብሎዎታል፤ ለአገሩ ሁሉ ሊያወሩ ነው።»

አወራሁ። ለምን አላወራም? እንዲህ ያለ ሥራ በጎርፍ መሐል የሠራ ሰው ካለ ይምጣና ያውራ፤ እኔ ዝም እላለሁ። ያላወራሁት ግን ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ባጃጁን ሁለቴ አስቁሜ ወንዙን ለማዳመጥ መውረዴን ነው።

ዘንድሮ የምንጣሮ ጊዜ ደርሶ ሄድኩ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ተሻግሬ ከማዶ ተቀመጥኩ። የተቆረጠው አኻያ ከጉቶው አቆጥቁጦ ነበር፤ ለዚህ ዓመት እስከ ጉልበት ተቆርጧል፤ እኔ ሳልነግራቸው። የተረፈው ቡና ከኋላ በዋንዛ ጥላ ሥር ንጹሕ ሆኖ ተመንጥሯል። በዳርቻው ላይ ግን ዝሆኔ ሣሩ ሰው ይደብቃል። ሁለት ጎረቤቶቿ በመንገዱ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አስቴር!» አለች አንደኛዋ። «ምነው፣ ገጀራ ጠፋ እንዴ? ዳዋ ዋጠሽ እኮ!»

አስቴር ከጎንበሰችበት ቀና አለች። የምታፍር መስሎኝ ነበር።

«ዳዋ አይደለም» አለች። «ግድግዳዬ ነው። ገጀራ ይዞ የሚጠጋውን እግሩን እቆርጠዋለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ከማዶ ሆኜ አልቻልኩም፤ ተነስቼ ቆምኩ።

«ማን እንዳስተማረሽም ንገሪያቸው እንጂ!»

ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ከራሴ በላይ፣ ወደ ሸኮ በኩል ተመለከተች። ሰማዩ እየከበደ ነበር። ሳቋ ከፊቷ ሄደ።

«መጀመሪያ ይሄኛው ይለፍ» አለችኝ። «ይልቅ ቶሎ ይሻገሩ።»